መድኃኒቱ ቆመ ማለት ተስፋ ተቆረጠ ማለት አይደለም

በጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ለሚጠብቅ ቤተሰብ «አንቲባዮቲኩን ልናቆም ነው» የሚል ቃል ልብ ያርዳል። «ተስፋ ቆረጡ ማለት ነው?» ይላል አንዱ። ሌላው «የተጀመረ መድኃኒት ካልተጨረሰ ጀርሙ ይላመዳል» የሚለውን የቆየ ምክር ያነሣል።

ምክሩ ክኒኑን በገዛ ፈቃዱ ለሚያቋርጥ ሰው ነው። በየዕለቱ ደሙ እየተመረመረ፣ ሐኪም አይቶት ለሚቆምለት ሕመምተኛ አይደለም። ባክቴሪያ መድኃኒት የሚላመደው ያለ ጥቅም በሚጨመሩ ቀናትም ነውና።

ከሚመረመሩት አንዱ ፕሮካልሲቶኒን ነው። ከባድ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ሲነሣ በሰዓታት ውስጥ ደም ውስጥ ይጨምራል፤ ኢንፌክሽኑ ሲሸነፍ በቀን በግማሽ ገደማ ይወርዳል። አንድ ሕመምተኛ 40 ነበረው እንበል። በማግስቱ 22፣ ከዚያ 11፣ ከዚያ 7። ከከፍተኛው ከ80 በመቶ በላይ ወርዷል፤ ሰውየውም ከተሻለው ማቆም ይቻላል። በኔዘርላንድ 15 ሆስፒታሎች ይህ ደንብ (ወይም ቁጥሩ 0.5 ሲደርስ ማቆም) ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ውጤት ሕክምናው ከ7 ቀን ወደ 5 አጠረ። በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት 20 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት ግን 25 በመቶ ነበሩ። በ2024 የታተመው የብሪታንያ ጥናት ያሳየው ቅናሽ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። በዚያው ጥናት ሲአርፒ የተባለው ሌላው ምርመራ ደግሞ ቀኑን ጭራሽ አላሳጠረም፤ ስለዚህ «የደም ምርመራ ሁሉ አንድ ነው» ማለትም ስሕተት ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን «ቁጥሩ ዝቅተኛ ከሆነ መድኃኒት አይጀመር» የሚለው ነው። ኢንፌክሽን የደም ግፊቱን የጣለበት ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ ማግኘት አለበት፤ የላቦራቶሪ ውጤት አይጠበቅም። የ2021 ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ (ለሕይወት የሚያሰጋ የኢንፌክሽን መዘዝ) መመሪያም ፕሮካልሲቶኒንን ለማቆም እንጂ ለመጀመር አይመክርም።

«ቁጥሩ ካልወረደ መድኃኒቱ ይጠንክር» የሚሉም አሉ። ግን ትልቅ ቀዶ ሕክምናና ቃጠሎም ቁጥሩን ከፍ ያደርጋሉ። በዴንማርክ 1,200 ሕመምተኞች ላይ በቁጥሩ መሠረት መድኃኒት ማጠንከር ተሞክሮ በ2011 የወጣው ውጤት፣ ሞት እንዳልቀነሰ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚቆዩበት ጊዜ ግን እንደረዘመ አሳይቷል።

ዘመድዎ ተኝቶ «መድኃኒቱ ቆመ» ከተባሉ አይደንግጡ፤ ሐኪሙን «ቁጥሩ ከስንት ወደ ስንት ወረደ? እሱስ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁ።