ያውቁ ኖሯል? ጥምዝ የረገማት ከተማ

የዛሬው «ያውቁ ኖሯል?» ለፈሪ አይሆንም። የምናነሣው «ኡዙማኪ» የተባለውን የጃፓን አስፈሪ ማንጋ፣ ከእሱም የተወለዱትን ፊልም፣ ጌምና አኒሜ ነው። ማንጋ ጃፓኖች ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የሚያነቡት፣ በሥዕል የሚተረክ ታሪክ ነው፤ አኒሜ ደግሞ የጃፓን የካርቱን ፊልም ነው። ከዚህ በታች የሚያገኟቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያውቁ ኖሯል? የዚህ መጽሐፍ ዋናው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰይጣንም አይደለም። ቅርጽ ነው። ኩሮዙ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ጥምዝ በያለበት ብቅ ማለት ይጀምራል፦ በጭሱ፣ በወንዙ ውኃ፣ በፀጉሩ፣ በሸክላው፣ ኋላም በሰው ገላ። ታሪኩን የምትነግረን ኪሪኤ ጎሺማ የምትባል የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። ወዳጇ ሹኢቺ ሳይቶ ከሁሉ ቀድሞ አደጋው ገብቶት «ከዚህ ከተማ እንውጣ» እያለ ይወተውታታል፤ ሰሚ ግን አያገኝም።

የሹኢቺ አባት ሥራውን እርግፍ አድርጎ ትቶ ጥምዝ ያለበትን ዕቃ ሁሉ ይሰበስባል፤ ግድግዳ ላይ የሚሄድ ቀንድ አውጣ አፍጥጦ ሲያይ ይውላል። መጨረሻውን አልነግርዎትም። ክብ የእንጨት ገንዳ ውስጥ ተገኘ ብል ይበቃል።

የእናትየው ይብሳል። ባሏ በጥምዝ ፍቅር ሲያብድ እሷ በጥምዝ ፍርሃት ታብዳለች። ፀጉሯን ትቆርጣለች፤ የጣት አሻራዋ እንኳ ጥምዝ መሆኑን ስታይ ጣቶቿን አትምርም። ልጇ ግን አንድ ነገር ከእሷ ለመሸሸግ ይጨነቃል፦ በእያንዳንዳችን ውስጠኛ ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚያሰማን አካል ሁለት ዙር ተኩል ያህል የተጠመዘዘ ነው። ይህ የደራሲው ፈጠራ አይደለም፤ ማንኛውም የሕክምና ተማሪ የሚያውቀው እውነት ነው። በመላው መጽሐፍ ከዚህ የከፋ ምዕራፍ ያለ አይመስለኝም። ጭራቅ ቢመጣ ይሸሻል፤ ከገዛ ጆሮ ወዴት ይሸሻል?

ያውቁ ኖሯል? ደራሲና ሠዓሊው ጁንጂ ኢቶ እንጀራውን ይበላ የነበረው ሰው ሠራሽ ጥርስ እየሠራ ነበር። በ1963 በጊፉ ክፍለ ሀገር ተወለደ። ታላላቅ እህቶቹ ከሚያነቧቸው መጽሔቶች ላይ የካዙኦ ኡሜዙን አስፈሪ ሥዕሎች እያየ አደገ። በ1987 «ሃሎዊን» ለተባለ ወርኃዊ መጽሔት አንድ አጭር ሥራ ላከ፤ መጽሔቱ በዚያው በኡሜዙ ስም ባዘጋጀው ውድድርም የማበረታቻ ሽልማት አገኘ። ከዳኞቹ አንዱ ራሱ ኡሜዙ ነበር። ኢቶ ከዚያም በኋላ ወዲያው ከጥርስ ሥራው አልወጣም፤ ቀን ጥርስ፣ ማታ ጭራቅ እየሠራ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነው ሙሉ ለሙሉ ወደ ብዕሩ የዞረው። የመስመሮቹን ጥንቃቄ ላየ ሰው የጥርስ ሠሪ እጅ መሆኑን ማመን አይከብደውም።

ያቺ ለውድድር የላካት ሥራ «ቶሚኤ» ናት። ወንዶች ሁሉ የሚያብዱላት፣ አብደውም የሚገድሏት፣ ተገድላም ከእያንዳንዱ ቁራጭ እንደገና የምትበቅል ልጃገረድ። ከ1999 እስከ 2011 ባለው ጊዜ 9 የጃፓን ፊልሞች ተሠርተውባታል። እየሞተች ለምትነሣ ገጸ ባሕርይ ተስማሚ ዕጣ ነው።

ወደ «ኡዙማኪ» እንመለስ። ያውቁ ኖሯል? ኢቶ መጀመሪያ ያሰበው ስለ ጥምዝ አልነበረም። ብዙ ቤተሰብ ጎን ለጎን በሚኖርበት፣ እጅግ ረጅም በሆነ ቤት ውስጥ ስለሚፈጸም እንግዳ ነገር ሊጽፍ ነበር የፈለገው። ያን የሚያህል ቤት በሥዕል ለማሳየት ሲያሰላስል፣ ቤቱ ቢጠመዘዝስ? አለ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ቀርቶ ጥምዙ ያዘው። በቃለ ምልልሶቹ እንደተናገረው ከመታጠቢያ ገንዳ የሚወርደውን የውኃ ሽክርክሪት እያፈጠጠ አየ፣ ቀንድ አውጣ አረባ፣ ጥምዝ ያለበትን ምግብ እየመረጠ በላ። የአባትየውን ገጸ ባሕርይ ከየት እንዳመጣው መገመት ይቻላል።

አንድ ነገር ይጨመርበት። በጃፓን የቀልድ ሥዕሎች ጥምዝ የሣቅ ምልክት ነበር፤ የሞኝ ገጸ ባሕርይ ጉንጭ ላይ ይሣላል። ኢቶ ያንኑ የሚያስቅ ምልክት ወስዶ አስፈሪ ማድረግ መፈለጉን ተናግሯል። ከአሜሪካዊው ደራሲ ከላቭክራፍት ደግሞ ፍርሃትን በድባብ መገንባትን እንደተማረ አይደብቅም።

ያውቁ ኖሯል? በ«ኡዙማኪ» በቢምቢ የተነደፉ ነፍሰ ጡሮች ደም የሚጠማቸው አንድ የሆስፒታል ምዕራፍ አለ። ከመጽሐፉ ውጭ ያለው እውነታ ደግሞ እንዲህ ነው፦ በቆላ ከተሞቻችን ማታ ማታ አልጋ ሥር የሚጨሰው ጥምዝ የቢምቢ ማባረሪያ የጃፓን ፈጠራ ነው። ኤኢቺሮ ኡኤያማ የተባለው ነጋዴ በ1890 መጀመሪያ የሠራው ቀጥ ያለ እንጨት የመሰለ ነበርና ቶሎ እየነደደ ያልቅ ነበር። ጠምዝዘው፤ ረጅም ሰዓት ይነዳል ያለችው ሚስቱ ዩኪ ናት። ጥምዙ በ1902 ለገበያ ቀረበ። ጥምዝ እንደሚገድል ሁሉ ያድናልም ማለት ነው፤ ኢቶ ይህን አልነገረንም።

«ኡዙማኪ» በ1998 እና በ1999 የታተመው «ቢግ ኮሚክ ስፒሪትስ» በተባለ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ነበር። አሳታሚው ሾጋኩካን በ1922 የተቋቋመ ትልቅ ድርጅት ነው። ኋላ በ3 ቅጾች ተሰበሰበ፤ ቀጥሎም አንድ ወፍራም መጽሐፍ ሆነ። በ2010 የወጣው የጃፓንኛ እትም መጨረሻ ላይ የቀድሞው ዲፕሎማት ማሳሩ ሳቶ የጻፈው ሐተታ አለበት። ዲፕሎማት ሰዎች ቀንድ አውጣ ስለሚሆኑበት መጽሐፍ ሲጽፍ አስበውት ያውቃሉ?

እንግሊዝኛው የመጣው በቪዝ በኩል ነው። ቪዝ በ1986 በሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተ፣ ከሾጋኩካን ጋር የተሳሰረ አሳታሚ ሲሆን፣ ሥራውን መጀመሪያ በ«ፐልፕ» መጽሔቱ በተከታታይ አወጣው፤ ከ2001 ጀምሮ በቅጽ፣ በ2013 ደግሞ ከ600 ገጽ በላይ ባለው ጠንካራ ልባስ መጽሐፍ አተመው። ለፈረንሳይኛ አንባቢዎች ቶንካም የተባለው አሳታሚ «ስፒራል» ብሎ አቀረበው።

የትርጉሙ ጣጣ ግን ከቋንቋው ይልቅ በአቅጣጫው ላይ ነው። ጃፓንኛ መጽሐፍ የሚገለጠው ከቀኝ ነው፤ እኛ እና እንግሊዞች ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ እናነባለን። ስለዚህ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የታተሙ ብዙ ማንጋዎች ገጾቻቸው በመስተዋት እንደሚታይ ተገልብጠው ይታተሙ ነበር። ቀኝ እጁ የሆነው ሁሉ ግራ እጁ ይሆናል፤ ልብ በቀኝ በኩል ይመታል። እንዲህ ባለው አሠራር «ኡዙማኪ»ን መገልበጥ ደግሞ እያንዳንዱን ጥምዝ በተቃራኒው ማዞር ነው፤ ስለ ጥምዝ ለተጻፈ መጽሐፍ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቶኪዮፖፕ የተባለው አሳታሚ በ2002 ገጾቹን ሳይገለብጥ ማቅረብ ጀመረና አንባቢው ለመደው፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ዛሬ የእንግሊዝኛው «ኡዙማኪ» የሚነበበው እንደ ጃፓኑ ከቀኝ ወደ ግራ ነው።

ሌላም አለ። የማንጋ ድምፆች፣ ማለትም ኳኳታውና ጩኸቱ፣ ሠዓሊው ራሱ በሥዕሉ ውስጥ በእጁ የሚስላቸው ፊደሎች ናቸው። አሳታሚ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ፍቆ በራሱ ፊደል እንደገና ያስላል፣ ወይም ጃፓንኛውን ትቶ አጠገቡ በደቃቅ ፊደል ይተረጉማል። እኔ ሁለተኛውን እወዳለሁ። የሠዓሊን መስመር መፋቅ አይዋጥልኝም።

ያውቁ ኖሯል? የ«ኡዙማኪ» ፊልም የተዘጋጀው መጽሐፉ ገና ሳያልቅ ነው። ስለዚህም መጨረሻው ከመጽሐፉ ይለያል። በየካቲት 2000 ለእይታ የበቃው ይህ ፊልም የሂጉቺንስኪ የመጀመሪያ ሙሉ ፊልም ነው፤ ስሙ የሚያስገርም ከሆነ ዩክሬን ውስጥ የተወለደ ጃፓናዊ ዳይሬክተር ነው። ኪሪኤን ኤሪኮ ሃትሱኔ፣ የሹኢቺን አባት ደግሞ ታዋቂው ተዋናይ ሬን ኦሱጊ ተጫውተዋል። ሂጉቺንስኪ በዚያው ዓመት «ረጅም ሕልም» የተባለውን ሌላ የኢቶ ታሪክም ለቴሌቪዥን ሠርቷል። ፊልሙ ወደ አረንጓዴ ያደላ ቀለሙ ደስ ይላል፤ ከተማዋን ያሳያል፤ እርግማኗን ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚያሳየው።

በዚያው በ2000 ዋንደርስዋን ለተባለችው በእጅ የምትያዝ የባንዳይ የጌም መጫወቻ ሁለት የ«ኡዙማኪ» ጌሞች ወጥተዋል። ዛሬ የሰብሳቢ ዕቃ ናቸው።

አሁን ወደ ትልቁ ውጣ ውረድ። በ2019 የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ አደልት ስዊም እና አኒሜ ሠሪው ፕሮዳክሽን አይጂ ዩኤስኤ 4 ክፍል ያለው አኒሜ እንደሚሠሩ አስታወቁ። ዳይሬክተሩ ሂሮሺ ናጋሃማ፣ ሙዚቃው «ሄሬዲተሪ» የተባለውን አስፈሪ ፊልም ሙዚቃ የሠራው የኮሊን ስቴትሰን፣ ሥዕሉም እንደ መጽሐፉ ጥቁርና ነጭ። በ2020 ይወጣል ተባለ። ወረርሽኝ መጣ። በ2021 ተባለ፤ በጥቅምት 2022 ተባለ፤ ከዚያ ቀን የሚቆርጥ ጠፋ። በመጨረሻ መስከረም 28 ቀን 2024 የመጀመሪያው ክፍል ታየ።

ያ የመጀመሪያ ክፍል ግሩም ነው። የኢቶ ደቃቅ መስመር በእርግጥ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚህ በፊት ማንም አልቻለውም ነበር። በሳምንቱ ሁለተኛው ክፍል መጣ፤ ተመልካች ዓይኑን አሸ። እንቅስቃሴው ደርቋል፣ ፊቶቹ ላልተዋል። ከሁለተኛው ክፍል ጀምሮ ዳይሬክተሩም የሥዕል ስቱዲዮውም ሌላ ነበሩ። የአደልት ስዊሙ ኃላፊ ጄሰን ዲማርኮ ችግር እንደነበረ በአደባባይ አልካደም፤ ጅምሩን ከመተው ወይም አንዱን ክፍል ብቻ ከማሳየት አራቱንም መጨረስ መረጥን የሚል ነበር መልሱ። ሲፈርዱ ይህን ያስቡበት፦ 20 ያህል ምዕራፎችን በ4 ክፍል ለመጨረስ ሲሉ በመጽሐፉ ለየብቻ የቆሙትን ታሪኮች እየጎነጎኑ በአንድ ጊዜ እንዲፈጸሙ አድርገዋቸዋል። በመጽሐፉ ከተማዋ የምትበሰብሰው ቀስ እያለች ነው፤ በአኒሜው ትሮጣለች።

የሚያንቀሳቅሱት ሁሉ ለምን ይቸገሩበታል? የኢቶ ትልቁ መሣሪያ የገጽ መግለጥ ስለሆነ ነው። ከቀኝ በኩል ጀምሮ በትናንሽ ሣጥኖች ያዘጋጅዎታል፤ አንድ ሰው በር ይከፍታል፣ ዞር ይላል፣ አፉን ይከፍታል። ከዚያ ገጹን የሚገልጡት እርስዎ ነዎት። የሚያስደነግጠው ሥዕል ሙሉ ገጽ ይዞ የሚጠብቅዎ ከጀርባው ነው። በፊልም ሰዓቱን የሚወስነው ዳይሬክተሩ ነው፤ በመጽሐፉ ግን በገዛ እጅዎ ነው ወደ ጉድ የሚገቡት። ሥዕሉም አይንቀሳቀስምና እስኪበቃዎት ያፈጥጥብዎታል።

ጥቂት ፈጣን ነገሮች። ቶሚኤን ወደ አሜሪካ ለማምጣት የታሰበው ተከታታይ ኪዊቢ በተባለው የስልክ ቪዲዮ አገልግሎት ሊቀርብ ነበር፤ ኪዊቢ ራሱ በ2020 ተከፍቶ በዚያው ዓመት ተዘጋ። ኢቶ ከጌም ፈጣሪው ከሂዴኦ ኮጂማ ጋር «ሳይለንት ሂልስ» በተባለው ጌም ሊሠራ ነበር፤ እሱም በ2015 ተሰረዘ። እንደ ካሳ ይቆጠርና ኮጂማ በ2019 ባወጣው «ዴዝ ስትራንዲንግ» ውስጥ የኢቶን ፊት ለአንድ ገጸ ባሕርይ ሰጥቶታል። ልጆችዎ የሚያዩት ናሩቶም ስሙ ናሩቶ ኡዙማኪ ነው፤ ከዚህ መጽሐፍ ጋር ግን ዝምድና የለውም።

በኮሚክ ዓለም ትልቅ የሚባለውን አይዝነር ሽልማትም ኢቶ ደጋግሞ ወስዷል። በ2019 «ፍራንከንስታይን»ን በማንጋ በማቅረቡ፣ በ2021 ደግሞ በ«ረሚና» እና በምርጥ ደራሲና ሠዓሊነት። «ኡዙማኪ» ራሱ በ2003 ታጭቶ ሳያሸንፍ ቀርቷል፤ ይህ ዳኞቹን የሚያስወቅስ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ይህ ሁሉ ሰቆቃ የወጣበት እጅ ዮን እና ሙ ስለተባሉ የቤቱ ድመቶችም አንድ ሙሉ መጽሐፍ ሠርቷል። ድመቶቹ እንደ ማንኛውም ድመት ይተኛሉ፣ ይቧጭራሉ፤ የተሣሉት ግን ልክ እንደ ጭራቅ ነው፤ የኢቶ የራሱ ፊትም እንደዚያው። ሣቅና ፍርሃት በአንድ ብዕር ሲወጡ ለማየት ከዚህ የተሻለ የለም።

የአኒሜው አራተኛ ክፍል በታየ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2024፣ ኢቶን በሽልማት ያስጀመረው ካዙኦ ኡሜዙ በ88 ዓመቱ አረፈ።

«ኡዙማኪ»ን ልሞክር ካሉ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ በመጀመሪያ መጽሐፉ፣ ቢቻል በወረቀት፤ ቀጥሎ የአኒሜው የመጀመሪያ ክፍል፤ ሌላው ጊዜ ካለዎት። ቤትዎ ልጆች ካሉ ደግሞ ሥዕል ነው ብለው ክፍት ቦታ እንዳይተዉት። «ቢግ ኮሚክ ስፒሪትስ» የአዋቂዎች መጽሔት ነው፤ ኢቶም የሣለው ለአዋቂ ነው።