ዕቃን በሥዕል ማሳየት፤ የዲጂታል ካሜራና የታብሌት ጥቅም ለነጋዴው

ነጋዴ ዕቃውን ሳያሳይ ሊሸጥ እንደማይችል የታወቀ ነው። ቀድሞ ላኪው የዕቃውን ናሙና በከረጢት አሽጎ በፖስታ ይሰድ ነበር፤ አስመጪውም ከባሕር ማዶ የሚደርሰውን ካታሎግ እየገለጠ የፈለገውን ዓይነት ያዝዝ ነበር። ናሙናው እስኪደርስና መልሱ እስኪመለስ ድረስ ሳምንታት ያልፉ ስለ ነበር፣ ገዢው አሳቡን የሚለውጥበት ወይም ከሌላ ሻጭ ጋር የሚዋዋልበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው፣ ያልታየ ዕቃ ለገዢው ከተስፋ በቀር ምንም አይሰጠውም።

ዛሬ ይህ ችግር በአብዛኛው ተቃሏል። በጥሩ ዲጂታል ካሜራ የተነሣ ፎቶግራፍ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደ ታብሌት ተሻግሮ በመደብር ውስጥ ለቆመው ደንበኛ ይታያል፤ በዚያው ሰዓትም በሮተርዳም ወይም በዱባይ ላለው ገዢ ይደርሳል። ይሁን እንጂ መሣሪያው በእጅ መገኘቱ ብቻ አይበቃም። አያያዙን ያላወቀ ነጋዴ የተበላሸ ቀለም ያሳያል፤ የተዳከመ ሥዕል ይልካል፤ አልፎም ራሱ በላከው ፎቶግራፍ ምክንያት ክርክር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አሠራሩን ከመሠረቱ ማወቅ ይገባል።

የመሣሪያዎቹ አመጣጥ

ፊልም የማይፈልገውን የመጀመሪያ የእጅ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን ነው። ያ መሣሪያ አንዱን ሥዕል በካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር፤ ሥዕሉም ከ10,000 ነጥቦች ብቻ የተሠራ ሆኖ የሚታየው በቴሌቪዥን ነበር። ዛሬ በገበያ ላይ የሚገኝ መካከለኛ ካሜራ 24 ሚሊዮን ነጥቦች ያሉት ሥዕል ያነሣል። ፎቶግራፍ የሚከማችበት ትንሹ ኤስ.ዲ. ካርድ በፓናሶኒክ፣ በሳንዲስክና በቶሺባ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1999 ለዓለም ተዋወቀ።

ታብሌትን በሰፊው ያስለመደው የአፕል ኩባንያ አይፓድ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2010 ለሽያጭ ቀረበ። የካርድ ማስገቢያም ሆነ የዩ.ኤስ.ቢ. ቀዳዳ ስላልነበረው፣ ኩባንያው በዚያው ዓመት ከካሜራ ጋር የሚያገናኙ ሁለት ትናንሽ መሸጋገሪያዎችን ለብቻቸው ይሸጥ ነበር። በዚያው ዓመት ሳምሰንግም ጋላክሲ ታብ የተባለውን አወጣ። ካሜራ ያለው ሰው ታብሌት ሲገዛ መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው ነገር፣ ፎቶግራፉ በምን መንገድ ይገባበታል የሚለው መሆኑን ይህ ታሪክ ያሳያል።

ከካሜራው ወደ ታብሌቱ

ሥዕሉን ለማሻገር ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛውና አስተማማኙ ካርዱን ከካሜራው አውጥቶ በካርድ ማንበቢያ አማካይነት ከታብሌቱ ጋር ማገናኘት ነው። የአፕል አይፓድ ፕሮ ከ2018፣ ተራው አይፓድም ከ2022 ጀምሮ ዩ.ኤስ.ቢ. ሲ የተባለው ቀዳዳ ስላላቸው ተራ ማንበቢያ ይበቃቸዋል፤ ከዚያ በፊት ለተሠሩት ግን የራሳቸው መሸጋገሪያ ያስፈልጋል። አያሌ የአንድሮይድ ታብሌቶችም ማይክሮ ኤስ.ዲ. የተባለውን ትንሽ ካርድ የሚቀበል ቦታ ከጎናቸው አላቸው። ካሜራ ሥዕሎቹን ዲ.ሲ.አይ.ኤም. በሚባል ፎልደር ውስጥ በራሱ አሰያየም ያስቀምጣል። ይህን ፎልደር በኮምፒዩተር ከፍቶ ስሙን የለወጠ ሰው፣ ታብሌቱ ሥዕሎቹን አላይም ቢለው ሊደነቅ አይገባውም።

ሁለተኛው መንገድ ካሜራውን ራሱን በገመድ ማገናኘት ነው። ይህ ካርድ ማንበቢያ ለሌለው ሰው ይጠቅማል፤ ነገር ግን የካሜራውን ባትሪ ይበላል።

ሦስተኛው ያለ ገመድ በዋይፋይ ማስተላለፍ ነው። ካኖን፣ ኒኮንና ሶኒ ለዚሁ ሥራ የሚያገለግሉ ፕሮግራሞች አሏቸው። በዚህ አሠራር ካሜራው የራሱን ዋይፋይ ያቆምና ታብሌቱ በእርሱ ይገናኛል። ስለዚህ ሥዕል በሚተላለፍበት ጊዜ ታብሌቱ ከመደብሩ ኢንተርኔት ተለይቶ ይቆያል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ኢንተርኔቱ የተበላሸ ይመስለዋል። ከዚህም በቀር አንዳንዶቹ ፕሮግራሞች በራሳቸው ፈቃድ የሚያስተላልፉት የተቀነሰውን ሥዕል ነው። የኒኮን ስናፕብሪጅ ወዲያው የሚልከው 2 ሜጋፒክስል የሆነውን ነው። ይህ ለማሳየት ይበቃል፤ ለኅትመት ግን አይበቃም። ብዙ መቶ ሥዕሎች ላሉት ሰው ካርድ ማንበቢያው ከዋይፋይ ይልቅ እጅግ ፈጣን ነው።

ሥዕሎቹ ከገቡ በኋላ ታብሌቱ «ከካርዱ ይጥፉ ወይስ ይቆዩ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱ «ይቆዩ» መሆን አለበት። ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ቦታ ሳይቀመጥ ካርድን ማጽዳት ደረሰኝ ሳይቀበሉ ገንዘብ እንደ መክፈል ነው።

ለደንበኛ ማሳየት

የታብሌት ዋና ጥቅሙ ሰፊ መስተዋቱ ነው። ሻጭና ገዢ በአንድነት ጎን ለጎን ሆነው ያዩበታል፤ በጣት አስፍተው የጨርቁን ድርና ማግ፣ የቆዳውን ጠባሳ፣ የመለዋወጫውን ቁጥር ይመረምሩበታል። መደብሩ ጠባብ ሆኖ ዕቃው በመጋዘን ላለበት ባለሱቅ ይህ እንደ ሁለተኛ መደርደሪያ ነው። ይሁን እንጂ አልበሞቹ በዕቃው ዓይነት ካልተለዩና የዕቃው ቁጥር ካልተጻፈባቸው፣ ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀ ባለሱቁ የቤተ ሰቡን የሠርግ ሥዕል ሲገለብጥ ይገኛል። ለንግድ የተለየ ታብሌት መያዝ ባይቻል እንኳ፣ የተለየ አልበም ማዘጋጀት አይከብድም።

መጠንን ለማስረዳት ከዕቃው አጠገብ ማስመሪያ ወይም ሜትር ማኖር ይጠቅማል። የአበባ ላኪ የጽጌረዳውን ዘንግ ርዝመትና የእምቡጡን አከፋፈት በአንድ ሥዕል ሊያሳይ የሚችለው በዚህ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወሎ በወገል ጤና የተገኘውን ኦፓል የመሰለ ዕንቍ ደግሞ በአንድ ሥዕል ማስረዳት አይቻልም፤ ድንጋዩ ሲዞር ቀለሙ ስለሚለዋወጥ ከብዙ ማዕዘን ማንሣት፣ ወይም አጭር ቪዲዮ መጨመር ይገባል። ቡናን በሚመለከት ሥዕሉ የፍሬውን መጠንና እንከኑን ቢያሳይም፣ ጣዕሙን የሚመሰክረው የተቀመሰው ናሙና ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያታልለው ቀለም ነው። በተራ አምፖል ሥር የተነሣ ነጭ ሰሊጥ ቢጫ ይመስላል፤ በአንዳንድ የፍሎረሰንት መብራት ሥር የተነሣ ጥጥም ወደ አረንጓዴ ያደላል። መድኀኒቱ ዕቃውን በቀን ብርሃን፣ ግን ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ማንሣት፣ የካሜራውንም የነጭ ሚዛን ከብርሃኑ ጋር ማስማማት ነው። አንድ ነጭ ወይም ግራጫ ወረቀት በሥዕሉ ዳር ቢታይ ገዢው ቀለሙ መዛባት አለመዛባቱን ይፈርድበታል። ታብሌቱም ራሱ ቀለም ይለውጣል። በማታ ዐይን እንዳይጎዳ መስተዋቱን ወደ ቢጫ የሚመልሰው አሠራርና ከክፍሉ ብርሃን ጋር የሚያስማማው አሠራር፣ ለገዢ በሚታይበት ሰዓት ሁለቱም መዘጋት አለባቸው።

ወደ ሩቅ ገዢ መላክ

24 ሜጋፒክስል የሆነ አንድ ፎቶግራፍ በጄፔግ ሲቀመጥ 10 ሜጋባይት ያህል ይመዝናል። ይህን የመሰለ ሃያ ሥዕል በኢሜይል አያይዞ መላክ የገዢውን ሣጥን ያጨናንቃል፤ ብዙ ጊዜም አይደርስም። ለመጀመሪያ ዕይታ ረጅሙ ጎን 2,000 ነጥብ የሆነ ሥዕል ይበቃል። ገዢው ዝርዝሩን መመርመር ሲፈልግ ዋናውን በጉግል ፎቶስ፣ በአይክላውድ ወይም በድሮፕቦክስ አኑሮ አድራሻውን መስጠት የተሻለ ነው።

በአገራችን ነጋዴዎች ዘንድ እጅግ የተለመደው ቴሌግራም ነው። በዚህ መንገድ ሥዕል «በፎቶ» ሲላክ መጠኑ ይቀነሳል፤ «በፋይል» ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ነገር ግን እንዳለ በሚደርሰው ፋይል ውስጥ ሥዕሉ የተነሣበት ቀንና ሰዓት፣ መሣሪያው ጂ.ፒ.ኤስ. ካለውም የተነሣበት ቦታ ተመዝግቦ ይጓዛል። ዕቃውን ከየትኛው አምራች እንደሚያገኝ ለተወዳዳሪው ማሳወቅ የማይፈልግ ነጋዴ፣ የቦታውን ምዝገባ አስቀድሞ መዝጋት ይኖርበታል። ፎቶግራፉን ብቻ አይቶ መጋዘኑን ያገኘ ሰው፣ ሁለተኛ ደላላ አይፈልግም።

ፎቶግራፍ እንደ ማስረጃ

ከማሳየትና ከመሸጥ ባሻገር፣ ፎቶግራፍ ነጋዴውን ከጉዳት ይጠብቀዋል። ላኪው ኮንቴነሩን በባዶው፣ እስከ እኩሌታው ሲሞላ፣ ሞልቶ ሳይዘጋ፣ ከተዘጋ በኋላም የማሸጊያውን ቁጥር በሚገባ እያሳየ ቢያነሣው፣ ዕቃው ከመጋዘኑ በደኅና መውጣቱን ያስረዳበታል። አስመጪውም ከጅቡቲ የመጣለት ኮንቴነር በሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም በመጋዘኑ በር ሲከፈት፣ መጀመሪያ የማሸጊያውን ቁጥር፣ ቀጥሎም የእያንዳንዱን ረድፍ ሁኔታ ከማውረዱ በፊት ማንሣት አለበት። ከወረደ በኋላ የተነሣ ሥዕል፣ ጉዳቱ በጉዞ ላይ ወይስ በማውረድ ጊዜ ደረሰ ለሚለው የመድን ድርጅቱ ጥያቄ መልስ አይሰጥም።

አስመጪው ገንዘብ ከመላኩ በፊትም ፎቶግራፍ ሊጠይቅ ይገባዋል። ከሌላ ሰው ካታሎግ የተቀዳ ሥዕል እያሳዩ የሌላቸውን ዕቃ የሚሸጡ አሉ። ይህን ለመለየት የሚረዳው ቀላል ዘዴ፣ ሻጩ የዕለቱን ቀንና የትእዛዙን ቁጥር በእጁ በወረቀት ጽፎ ከዕቃው ጋር አብሮ እንዲያነሣ መጠየቅ ነው። ዕቃው በእጁ ያለ ሰው ይህን በአምስት ደቂቃ ያደርገዋል፤ የሌለው ግን ምክንያት ያበዛል። በዛሬ ጊዜ ሥዕል በኮምፒዩተር ጥበብ ሊፈጠር ስለሚችል፣ ለትልቅ ትእዛዝ ይህ ብቻውን አይበቃም፤ የቀጥታ ቪዲዮ ወይም የገለልተኛ መርማሪ ምስክርነት ሊጨመርበት ይገባል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በስሕተት የታዘዘ አንድ ኮንቴነር በብር ሲሰላ የሚያስከትለው ኪሣራ ከቀድሞው እጅግ የከበደ ነው።

ሥዕልና ውል

ብዙ ነጋዴዎች የማያስቡት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የላኩት ፎቶግራፍ ሊያስጠይቃቸው እንደሚችል ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በቪየና የተፈረመው የዓለም አቀፍ የዕቃ ሽያጭ ስምምነት በ35ኛው አንቀጽ፣ ዕቃው ሻጩ በናሙና ወይም በአርአያ መልክ ለገዢው ያሳየው ዓይነት ጥራት እንዲኖረው ይጠይቃል። ቻይና፣ ጀርመን፣ ኔዘርላንድና አሜሪካ ለዚህ ስምምነት አባል የሆኑ አገሮች ናቸው። ፎቶግራፍ እንደ ናሙና ይቈጠራል ወይስ አይቈጠርም የሚለው በየጉዳዩ የሚያከራክር ሊሆን ይችላል። ክርክሩ ሳይነሣ የሚያቆመው ግን አንድ መሥመር ጽሑፍ ነው። ሥዕሉ ለማስታወቂያ ያህል የተላከ ከሆነ ይኸው በግልጽ ይጻፍ፤ የውሉ ክፍል ከሆነም የፋይሉ ስምና ቀኑ በውሉ ላይ ይጠቀስ። ሥዕልን ከእውነተኛው ዕቃ አስውቦ ማቅረብ አንድ ጊዜ ያሸጥ ይሆናል፤ ሁለተኛ ትእዛዝ ግን አያመጣም።

አጠባበቅ

ታብሌት ይወድቃል፣ ይሰረቃል፣ ይበላሻል። ስለዚህ የንግድ ሥዕል ሁልጊዜ ከሁለት ያላነሰ ቅጂ ይኑረው፤ አንዱም ከመደብሩ ውጭ ይቀመጥ። 64 ጊጋባይት የሚይዝ አንድ ካርድ ከላይ በተመለከተው መጠን ስድስት ሺህ ያህል ሥዕል ስለሚይዝ፣ የቦታ እጥረት ምክንያት ሊሆን አይችልም። በመስተዋቱ መክፈቻ ላይ የምሥጢር ቁጥር ማድረግም አስፈላጊ ነው፤ በታብሌቱ ውስጥ ያሉት የደንበኞች ስምና የዋጋ ዝርዝር ከታብሌቱ ዋጋ ይበልጣሉና።

በጠቅላላው ሲታይ፣ ካሜራና ታብሌት ለነጋዴው የሚሰጡት ዋና ነገር ርቀት ሳያግደው ዕቃውን እንዳለ ማሳየት መቻሉ ነው። «እንዳለ» የሚለው ቃል ግን ሊጠበቅ ይገባዋል። በትክክለኛ ብርሃን የተነሣ፣ በሙሉ መጠኑ የተላከ፣ በቀንና በቁጥር የተለየና በሁለት ስፍራ የተቀመጠ ሥዕል ለሻጩም ለገዢውም ዋስትና ይሆናል። ይህን ልማድ ያደረገ ነጋዴ ደንበኛው በሩቅ ሆኖ ያምነዋል፤ በንግድ ደግሞ ከእምነት የሚበልጥ ካፒታል የለም።