የደበዘዘ የመኪና የፊት መብራት እንዴት ዳግም ይጠራል?

ሲመሽ ከገበያ የሚመለስ አርሶ አደርም ሆነ ከፊቱ የሚነዳቸው ከብቶች ለአሽከርካሪ የሚታዩት የተሽከርካሪው መብራት እስከሚደርስበት ርቀት ብቻ ነው። አምፖሉ ጤነኛ ቢሆንም ሽፋኑ ቢጫ ከሆነና ከተጫጫረ ብርሃኑ መንገዱ ላይ ሳይደርስ ይበተናል። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው ሙከራ፣ በእርጅና የደበዘዙ መብራቶች የሰጡት ብርሃን አዲሶቹ ከሚሰጡት 22 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር።

ሽፋኑ ለምን ይደበዝዛል?

የአብዛኞቹ ዘመናዊ መኪኖች የፊት መብራት ሽፋን መስታወት ሳይሆን ፖሊካርቦኔት የተባለ ፕላስቲክ ነው። ፖሊካርቦኔት በቀላሉ አይሰበርም፤ ይሁን እንጂ አቧራና ጠጠር ይጭሩታል፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርም ቢጫ ያደርገዋል። ፋብሪካው የቀባው ስስ መከላከያ በጊዜ ብዛት ሲያልቅ ጉዳቱ ይፈጥናል። ጨረሩ ደግሞ በደጋማ አካባቢዎች ይበረታል።

አሠራሩ

ጭረት በፕላስቲኩ ገጽ ላይ የተቆፈረ ቦይ ነው። መወልወል ቦዩን አይሞላውም፤ ዙሪያውን ከቦዩ ወለል ጋር እስኪስተካከል ድረስ ዝቅ ያደርገዋል እንጂ።

በመጀመሪያ ሽፋኑን በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ በዙሪያው ያለውን ቀለም በወረቀት ፕላስተር መሸፈን ይገባል። ከዚያም የብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያራሱ ከ800 ወይም ከ1000 ቁጥር በመጀመር በ1500፣ በ2000 እና በ3000 ቁጥር በተከታታይ መፈግፈግ ነው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ ይልማል።

ገበሬ ማሳውን አቋርጦ ደግሞ እንደሚያርስ ሁሉ፣ ወረቀቱ በተቀየረ ቁጥር አቅጣጫውንም መቀየር ይጠቅማል፤ የቀደመው ወረቀት ጭረት መጥፋቱ የሚለየው በዚህ ነውና። ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው ከታለፈ በመጨረሻ ተመልሶ ይታያል። በስተመጨረሻ ለፕላስቲክ የሚሆን ፖሊሽ በለስላሳ ጨርቅ ሲታሽ ገጹ ያንጸባርቃል።

ጥንቃቄ

ቤንዚን ወይም አሴቶን መጠቀም ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። በማሽን የሚሠራም አንድ ቦታ ላይ ሊቆይ አይገባም፤ ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያበላሻልና። የጥርስ ሳሙና ቀላል ጭረትን ቢያደበዝዝም ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም።

ከሁሉ በላይ፣ ፍግፈጋው የፋብሪካውን መከላከያ ጨርሶ ስለሚያነሳ አልትራቫዮሌት ጨረርን የሚከላከል ግልጽ ቅብ መቀባት ግድ ነው። ይህ ከተዘለለ ሽፋኑ በጥቂት ወራት ውስጥ ዳግም ቢጫ ሊሆን ይችላል።

በተጠቀሰው ሙከራ የተወለወሉት መብራቶች ከአዲስ ብርሃን 70 በመቶ ያህሉን መልሰዋል። ስንጥቁ ጥልቅ ከሆነ ወይም እርጥበት ወደ ውስጥ ከገባ ግን መወልወል አያድነውም፤ መብራቱን መለወጥ ያስፈልጋል።