መጀመሪያ አብሉት

ጌታ የኢያኢሮስን ልጅ ከሞት ካስነሣት በኋላ ምን አዘዘ? የምትበላውን እንዲሰጧት ነው (ማርቆስ 5፥43)። ልብ በሉ፤ ተአምሩ ተፈጽሟል፣ ልጅቱ ቆማ ትሄዳለች። ጌታ ግን ሆዷን አልረሳም።

ዛሬ በየአጥቢያችን ከጫትና ከአረቄ የሚላቀቁ ወጣቶች አሉ። ሃሌ ሉያ እንላለን፣ እጅ እንጭናለን፤ ወዲያው ደግሞ የሦስት ቀን ደረቅ ጾም እናዛለን። ቆይ እስቲ! ይህ ልጅ እኮ ለዓመታት በቅጡ ሳይበላ የኖረ ነው። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። አረቄም ጉልበት የሚሰጥ ይመስላል እንጂ ሰውነት አይገነባም፤ ይባስ ብሎ አንጀት ቫይታሚን ቢ1ን በደንብ እንዳይመጥ ያደርጋል። ይህ ቫይታሚን ክፉኛ ሲጎድል ሰው ሳይጠጣም ይንገዳገዳል፣ ነገር ይምታታበታል። እኛ ግን «መንፈሱ ገና አልለቀቀውም» እንላለን።

ጾምን እየተቃወምኩ አይደለም። ኤልያስም 40 ቀን የተጓዘው መልአኩ ሁለት ጊዜ ካበላው በኋላ ነው (1ኛ ነገሥት 19)።

እንግዲህ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይብላ። ጠዋት አጥሚት ወይም ገንፎ፣ ምሳ ሽሮ ወይም ምስር በጎመን፣ ከተገኘ እንቁላል። ውሃ በደንብ ይጠጣ፣ ቡናውን ይቀንስ። ከሁሉ የሚከብደው ከምሳ በኋላ ያለው፣ የድሮው የበርጫ ሰዓት ነው። ርሃብና ሐራራ ይመሳሰላሉ፤ ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው የትኛው እንደጠራው አይለይም። በዚያ ሰዓት ቆሎና ሙዝ ይዛችሁ ሂዱና አጫውቱት።

አንድ ነገር ግን አደራ። በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ቢንቀጠቀጥ፣ ቢቃዥ ወይም ቢጥለው፣ ፈጥናችሁ ሐኪም ቤት አድርሱት፤ ጸሎቱን በመንገድ ጸልዩ። በርሃብ አጥንቱ የወጣውንም ከመቀለባችሁ በፊት ሐኪም ይየው።

ደግሞ ማብላት ብቻ አይበቃም፣ አስተምሩት። ብዙዎቹ ቤት ተከራይተው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሽንኩርት እንኳ አቁላልተው የማያውቁ ናቸው። የአጥቢያችን እናቶች፣ ይህ የእናንተ አገልግሎት ነው! ገበያ ይዛችሁት ውጡ፤ ግማሽ ኪሎ ምስር ስንት ቀን እንደሚያበላ አሳዩት። ከዚያ በራሱ ምድጃ፣ በራሱ ድስት ይሥራው፤ እናንተ ቁጭ ብላችሁ ቅመሱለት።