የሽያጭ መረጃ እና የመጋዘን ክምችት

የነጋዴ ገንዘብ ሳይታወቅ መጋዘን ውስጥ ታስሮ የሚቀርበትን አንድ ምክንያት በዚህ ጽሑፍ እናብራራለን።

አንድ ቸርቻሪ በሳምንት 10 ካርቶን ዘይት ይሸጣል እንበል። ልማዱም የሁለት ሳምንት ሽያጭ፣ ማለትም 20 ካርቶን፣ በሱቁ ማኖር ነው። በአንዱ ሳምንት 12 ተሸጠለት። ገበያው አደገ ብሎ የተሸጠውን 12 ለመተካትና ክምችቱን ወደ 24 ከፍ ለማድረግ 16 ካርቶን ያዝዛል። በዚሁ ስሌት የሚሠራው አከፋፋይ የሚያየው ገዢውን ሳይሆን ይህን 16 ብቻ ነው፤ ስለዚህ 16ቱን ለመተካትና የ20 ካርቶን ክምችቱን 32 ለማድረስ ከፋብሪካው 28 ይጠይቃል። በተከታዩ ሳምንት ሽያጩ እዚያው 12 ላይ ቢረጋ ቸርቻሪው 12 ብቻ ያዝዛል። አከፋፋዩም 24 ስለሚበቃው ለፋብሪካው የሚደርሰው ትዕዛዝ ወደ 4 ያሽቆለቁላል። ገዢዎች የጨመሩት ግን ሁለት ካርቶን ብቻ ነበር።

ይህን ክስተት በኤም አይ ቲ ያስተማሩት ጄይ ፎሬስተር እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት መጽሐፍ በሰፊው ተንትነውታል። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የተባለው ኩባንያም የፓምፐርስ ትዕዛዙን ሲመረምር ይህንኑ አግኝቷል፤ የሕፃናት ፍላጎት ብዙም የማይለዋወጥ ሆኖ ሳለ የአከፋፋዮቹ ትዕዛዝ እጅግ ይዋዥቅ ነበር።

ጉዳቱን የሚያብሰው መዘግየት ነው። ያዘዝነው ዕቃ ሲዘገይብን መደርደሪያው ባዶ መሆኑን እንጂ በመንገድ ላይ ያለውን ጭነት አናስታውስም፤ እንደገናም እናዝዛለን። ጆን ስተርማን እ.ኤ.አ. በ1989 ባቀረቡት ጥናት ዕቃ የማዘዝ ጨዋታ የተጫወቱ ሰዎች ይህንኑ ስሕተት መፈጸማቸውን፣ ጥፋቱንም በገዢው ላይ ማላከካቸውን አሳይተዋል። በእኛም ገበያ ‹‹ዕቃ ሊጠፋ ነው›› የሚል ወሬ ሲሰማ እጥፍ የሚያዝዝ አይታጣም። ሁለቱም ትዕዛዝ ባንድ ጊዜ ሲራገፍ፣ በተለይ እንደ ዱቄት ወተት ያለ ቀን የሚያልፍበት ዕቃ ከሆነ፣ ብድሩ ሳይከፈል ዕቃው ይበላሻል።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ቸርቻሪው ከትዕዛዙ ጋር የሳምንቱን ትክክለኛ ሽያጭ በስልክ ለአከፋፋዩ ቢነግረው፣ አከፋፋዩ 16ን ሳይሆን 12ን ይዞ ያስባል። በስቶክ ካርዱም ላይ ‹‹የታዘዘና ያልደረሰ›› የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር፤ አዲስ ትዕዛዝ ከመጻፉ በፊትም ያ ቁጥር ይቀነስ።