ያውቁ ኖሯል? ዛፍ ላይ የሚኖር ካንጋሮ አለ

ካንጋሮ ሲባል በዓይናችን የሚመጣው ሜዳ ለሜዳ የሚዘለው ነው። በኒው ጊኒ ደሴትና በአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ባሉ ዝናባማ ደኖች ግን ኑሮውን ዛፍ ላይ ያደረገ ዘመድ አለው። አያት ቅድመ አያቶቹ መሬት ለምደው ነበር፤ እሱ ነው ተመልሶ የወጣው።

እውነቱን ለመናገር አወጣጡ አያምርም። ግንዱን በእጆቹ አቅፎ፣ በኋላ እግሮቹ እየገፋ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ረጅሙ ጭራውም እንደ አንዳንድ ጦጣዎች ቅርንጫፍ አይጨብጥም፤ ሚዛን መጠበቂያ ብቻ ነው። መውረድ ላይ ግን ማን ይችለዋል! ከ18 ሜትር ከፍታ መሬት ላይ ዘሎ ምንም ሳይሆን መንገዱን ይቀጥላል። በብዙዎቹ ዝርያዎች የጀርባው ፀጉር አቅጣጫውን ገልብጦ ስለሚበቅል፣ ተኮራምቶ ሲቀመጥ ዝናቡ ከላዩ ላይ ይንሸራተታል።

ጠላቶቹስ? በአውስትራሊያ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝም ዘንዶ ዛፍ ድረስ ይከተለዋል፤ መሬት ሲወርድ ደግሞ ዲንጎ የተባለው የዱር ውሻ ይጠብቀዋል። በኒው ጊኒ ከላይ ግዙፍ ንስር አለ። ከሁሉም የከፋው ግን ሥጋውን የሚያድነውና ደኑን የሚመነጥረው ሰው ነው።

በኢንዶኔዥያ ፓፑዋ፣ በዎንዲዎይ ተራሮች የሚኖረውን የዛፍ ካንጋሮ ዝርያ ተመራማሪው ኤርንስት ማየር በ1928 እ.ኤ.አ. ካገኘው በኋላ ሳይንስ ዳግም አላየውም ነበር። ጠፍቷል ሲባል፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ዛፍ ላይ እንዳለ ፎቶ ተነሣ።