ብረት ወይስ ሩጫ?
ሊነጋጋ ሲል መስቀል አደባባይ ደረጃውን ሽቅብ ቁልቁል በሚሮጡ ወጣቶች ይሞላል። ጂም ቤት ያለው ደግሞ ብረቱን አስቀምጦ መስታወት ፊት ክንዱን ያያል።

የጆርጂያው ክብደት አንሺ ላሻ ታላካድዜ በ2021 እ.ኤ.አ. ታሽከንት ላይ በሁለቱ የአነሳስ ዓይነቶች በድምሩ 492 ኪሎ አነሳ፤ አምስት ኩንታል ሊሞላ ምን ቀረው! ቀነኒሳ በቀለ በ2019 እ.ኤ.አ. የበርሊን ማራቶንን በ2:01:41 ሲጨርስ የተሸከመው ቀጭን ገላውን ብቻ ነበር።

ከባድ ብረት ፈጣኖቹን የጡንቻ ክሮች ያወፍራል፤ ጉልበታቸው ብዙ፣ ድካማቸው ግን ቅርብ ነው። ረጅም ሩጫ ደግሞ በጡንቻ ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያበዛል፣ ልብን ያጠነክራል። ለሯጭ ትርፍ ጡንቻ ትርፍ ሸክም ነው።

ደረቱን አሳብጦ ሦስተኛ ፎቅ ሳይደርስ የሚያለከልክ ግን ጠንካራ አይባልም። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠሩ ይመክራል።